በአረንጓዴ የተሰመረው

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ጥቅሉን በሁለት መዳፏ ቀስ እያለች ዘረጋችውና እንደገና እንዳይሸበለል በአራቱም ማዕዘን በጥይት ፍሬ የተሞሉ ትንንሽ የጨርቅ ከረጢቶች ጫነችበት።

«ይኸው ሜሊሳንድ» አለች። «በእጅ መንካት የለም፤ እስክሪብቶ የለም፤ በእርሳስ ብቻ ነው የሚጻፈው። መቼም ሌላውን እርስዎ ያውቁታል።»

ዴዝሞንድ ታፕሰል አያውቀውም። ስልሳ ሦስት ዓመት ሲኖር እዚህ የንባብ አዳራሽ ውስጥ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። ቢሆንም እንደሚያውቅ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ብሮንዊን ይባላል ስሟ፤ ደረቷ ላይ ተጽፏል። አምሳ ዓመት ያለፋት፣ ጫማዋ ድምፅ የማያሰማ ዌልሳዊት ናት። ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰችና መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ ሥራዋን ቀጠለች።

ከፊቱ የተዘረጋው ወረቀት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሜሊሳንድ ባለ ሠላሳ ስድስት መድፍ የጦር መርከብ ናት፤ ከጎን የተሳለች፣ ሸራዋ ገና ያልተሰቀለላት፣ የአጥንቷ ስሌት ብቻ። ዴዝሞንድ እያንዳንዱን መስመሯን ጨለማ ውስጥ በጣቱ ሊስለው ይችላል። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቅጂዋን ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ኖሯል። አሥራ አንዱን ዓመት ደግሞ ከጠንካራ እንጨት እየፈለፈለ ሞዴሏን ሠርቷል። ዛሬ ግን ዋናዋ ፊት ቀርቦ መጀመሪያ ያየው መርከቢቱን አልነበረም። ያየው የወረቀቱን ቀኝ ጠርዝ ነው። የእርሱ ቅጂ እዚያ ጠርዝ ጋ አይደርስም። ፎቶውን ያነሳው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አራት ጣት ያህል ቆርጦታል።

በተቆረጠው ቦታ ላይ ሦስት መስመር ጽሕፈት ነበር። ዴዝሞንድ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ አስተማሪዎቹ የቀጡትም ያፌዙበትም በዚህ ነበር። አሁንም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ።

«ልብ ይባል፦ በአረንጓዴ የተሰመረው መርከቢቱ እንደ ተሠራችበት ነው። በቀይ የተሰመረው ታስቦ የቀረ ነው።»

ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ከዚያ ዓይኑን ወደ ኋለኛው የመርከቢቱ ክፍል፣ ካፒቴኑ ወደሚቆምበት ወለል ወሰደ። እዚያ በጥቁሩ ንድፍ ላይ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ተደርበዋል። አንደኛው ወደ ላይ ይወጣና የወለሉን ጎን በእንጨት ጋሻ ይዘጋዋል፤ በጋሻው ላይ ሰባት የመድፍ መስኮቶች አሉ። ሌላኛው ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ ሁለት መስኮት ብቻ ያለው ክፍት አጥር ነው። ከሁለቱ አንዱ ቀይ ነው፤ ሌላው አረንጓዴ። አንዱ በመጥረቢያና በምስማር እውነት ሆኖ ባሕር ላይ ተንሳፍፏል፤ ሌላው ከወረቀት አልወረደም።

ለዴዝሞንድ ሁለቱም አንድ ናቸው። ሁለቱም ዝናብ የመታው ካርቶን ቀለም አላቸው።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሰባት ተኩል ይላል።

አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ የባሕር ኃይል ምልመላ ቢሮው ሐኪም ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ የመርፌ ራስ የሚያህሉ ሁለት ብርሃኖች አሳየው። «ቀይ ወይስ አረንጓዴ?» ገመተ። «አሁንስ?» ገመተ። ዘጠኝ ጊዜ ገመተ። ሐኪሙ መብራቱን አበራና፣ «ስማ ልጄ፣ የመርከብ ግራ ጎኗ ላይ ቀይ መብራት ነው፣ ቀኟ ላይ አረንጓዴ። መሪው ላይ አንተ ከምትቆምልኝ ፈረስ ቢቆምልኝ እመርጣለሁ» አለው። ዴዝሞንድን ያሳመመው የሐኪሙ ነገር አይደለም። ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲጽፍ የነበረው ጸሐፊ ነው፣ ቀና ሳይል በአፍንጫው የሳቀው። የጸሐፊውን መልክ እንኳ አያውቀውም። ሳቁን ግን አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ጆሮው ውስጥ ይዞት ዞሯል።

ለአባቱ፣ በቻተም የመርከብ ግንባታ ግቢ አናጢ ለነበረው፣ «ሐሳቤን ቀየርኩ፤ ባሕሩ አይስማማኝም» ብሎ ዋሸው። አባቱ ፈሪ ልጅ ወለድኩ እያለ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ለሚስቱ ለሞሪን እንኳ። የሞዴል ቀለሞቹ ጣሳ ላይ በትልልቅ ፊደል ስማቸውን ይጽፋል፤ «ሥርዓት እወዳለሁ» ይላል። ጓሮ ያለውን ቲማቲም የምትለቅመው ሞሪን ናት፤ እርሱ ወገቡን ያመዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዕድሜ ያልቃል።

ታምሲን የደወለችው ባለፈው ሳምንት ነው። በድምፅ ብቻ የሚያውቃት፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት። እርሷና የሥራ ባልደረቦቿ የሚሠሩት የባሕር ላይ ጦርነት ጌም ነው፤ ሰዎች በኮምፒውተር የድሮ መርከቦችን እየነዱ የሚዋጉበት። ሜሊሳንድን የሠሯት በዴዝሞንድ ሥዕሎች ነው፤ ሰባቱን መስኮቶችም በዚያው ልክ ከፍተውላታል።

«ግን ሚስተር ታፕሰል፣ ዶክተር ፌንዊክ የሚባሉ ሰው ጽፈውልን ነበር። ጋሻው ጨርሶ አልተሠራም፤ ክፍት አጥር ነበር ነው የሚሉት። በመጽሐፋቸውም ገጽ መቶ አርባ ላይ አለ። በዚህ ላይ መስኮቶቹ ከተዘጉ አሥር መድፍ ነው የምትቀንሰው፤ ሌላ መርከብ ትሆንብናለች።»

«ፌንዊክ ንድፉን አላየውም። ደብዳቤ አንብቦ ነው።»

«እርስዎስ አይተውታል?»

ዴዝሞንድ «ማክሰኞ ሄጄ አየዋለሁ» አለ።

«እግዜር ይስጥልን። ማክሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ሥራውን እንዘጋለን፤ ከዚያ በኋላ ምንም አይነካም። ፎቶ አንስተው ቢልኩልን...»

«የእኔ ስልክ ፎቶ አያነሳም የኔ ልጅ። መናገር ብቻ ነው የሚችለው።»

ሳቀች። «ግድ የለም፤ ቃልዎ ይበቃናል። መርከቧ ስትከፈት ከስሟ ሥር ‹በዴዝሞንድ ታፕሰል ጥናት መሠረት› ተብሎ ይጻፋል። ደስ ይልዎታል?»

ስልኩን ዘግቶ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ ቀረ። ስሙ ከጋብቻ ወረቀት፣ ከትምህርት ቤቱ የቁልፍ ሰሌዳና ከአንድ የጋዜጣ ትችት በቀር ተጽፎ አይቶ አያውቅም። ሃያ ስምንት ዓመት የጥበቃና የጥገና ሠራተኛ ሆኖ ያገለገለበት ትምህርት ቤት፣ በልጅነቱ ፈትኖ አላለፍህም፣ አትገባም ያለው ትምህርት ቤት ነው። ቁልፎቹ በሙሉ እጁ ላይ ነበሩ። የማይከፍተው በር አልነበረም።

አሁን ከንድፉ ላይ ቀና ሲል፣ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ የሚያውቀውን ነጭ ራስ አየ።

ፌንዊክ ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ እንደሚመጣ ማን በነገረው! ፌንዊክም በዚያው ቅጽበት አየው፤ ተነስቶ እጁን ከኋላው አጣምሮ መጣ። ረጅም ነው፤ ሲናገር ከላይ ወደ ታች ነው።

«ሚስተር ታፕሰል! በመጨረሻ ዋናውን ለማየት መጡ? ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ቅጂ ላይ ማፍጠጥ እኮ ለዓይንም አይበጅም።»

ያውቃል እንዴ? አያውቅም። የሚያውቅበት ምንም መንገድ የለም። አፉን ማሟሸቱ ነው።

«ዓይኔ ደኅና ነው» አለ።

«አይጠረጠርም። እንግዲህ ካዩ በኋላ ይነግሩኛል፤ እኔ ለመማር ሁልጊዜ ዝግጁ ነኝ» አለና ፌንዊክ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ለመማር ዝግጁ! ዴዝሞንድ እርሳሱን ሊሰብረው ምንም አልቀረው። ይህ ሰው በሞዴል ሠሪዎቹ ማኅበር ጋዜጣ ላይ የጻፈውን በቃሉ ይዞታል፦ «ሚስተር ታፕሰል እጃቸው ጎበዝ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም፤ ነገር ግን እጅ ማንበብ አይችልም።» ከዚያም በፊት ያለውን ይዞታል። የሞዴል ሠሪዎች ዐውደ ርእይ እዚያው እርሱ በሚሠራበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ተደርጎ ነበር። ሜሊሳንድ ጠረጴዛ ላይ ቆማለች፤ እርሱ አጠገቧ በአዲስ ክራባት ቆሟል። ፌንዊክ ገባ፣ ሞዴሏን ዞሮ ዞሮ አያት፣ «የማን ሥራ ነው? ድንቅ ነው» አለ። ዴዝሞንድ አፉን ሊከፍት ሲል ፌንዊክ ቁልፎቹን ወገቡ ላይ አየና፣ «ወንድሜ፣ አሥር ወንበር ብትጨምርልን» አለው። ዴዝሞንድም ሄዶ አሥር ወንበር አመጣ። ለምን እንዳመጣ እስከ ዛሬ ራሱን ይጠይቃል። ፌንዊክ ግን ጭራሽ አያስታውሰውም። የሚያናድደውም እሱ ነው።

ስምንት ሰዓት ሆነ።

አንድ ዘዴ ነበረችው። ከመነጽሩ ቤት ውስጥ እጥፍ ያለች የከረሜላ መጠቅለያ አወጣ፤ ብርሃን የምታሳልፍ፣ እንጆሪ ጣዕም ያለው ከረሜላ የሚጠቀለልባት ቀይ ወረቀት። በየገናው ከሚገዛው የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ ነው የምትገኘው። በዚህች ወረቀት ውስጥ ሲያዩ ቀይ መስመር ይጠፋል፣ አረንጓዴው ይጠቁራል። በዚህች ወረቀት ስንት የመርከብ ሥዕል፣ ስንት የባቡር ካርታ፣ አንድ ጊዜም የሞሪንን ሹራብ አንብቧል።

ብሮንዊን አንገቷን እስክትደፋ ጠበቀ። ከዚያ ወረቀቷን ግራ ዓይኑ ላይ አድርጎ አጎነበሰ።

መስመሮቹ ፈዘዙ። ሁለቱም። እኩል አይደለም፤ የላይኛው ትንሽ የቀረ መሰለው። ወይም የታችኛው ነው። ጎንበስ ቀና አለ፣ ዓይኑን ቀየረ። ዕድሜ ቀለሙን በልቶታል። የድሮ አረንጓዴ ሲያረጅ ቡኒ እንደሚሆን የሆነ ቦታ አንብቦ ነበር፤ ቀዩም ከደረቀ ደም የተሻለ ነገር አልሆነም።

«ሚስተር ታፕሰል!»

ዘሎ ቀና አለ። ብሮንዊን አጠገቡ ቆማለች፤ ያ ድምፅ የሌለው ጫማዋ!

«ያ ከረሜላ ነው?»

«አይደለም። ወረቀቱ ብቻ ነው።»

«ከረሜላውስ?»

«ለገና ተበላ።»

ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቅ ይሁን ቁጣ አልለየም። «እዚህ ውስጥ የምግብ ነገር ከታየ እኔ ነኝ የምባረረው። አይጥ ከገባ መቶ ሺህ ንድፍ ነው ያለን። ይስጡኝ፤ ሲወጡ ይወስዱታል።»

መዳፏን ዘረጋች። ሰጣት። አስተማሪ ማስቲካ እንደ ቀማው ልጅ ጆሮው ጋለ። ከመስኮቱ ሥር ፌንዊክ ቀና ብሎ አይቶ፣ በትሕትና እንዳላየ ሰው ራሱን መለሰ።

ስምንት ሰዓት ከሃያ። ተነስቶ ዕቃ ወደሚቀመጥበት ኮሪደር ወጣ። ሣጥኑን ከፈተ፤ ኮቱ፣ ሞሪን የቋጠረችለት አይብና ሽንኩርት ያለበት ዳቦ፣ ሻይ የያዘ ፔርሙዝ፣ ስልኩ። ስልኩን ሲያነሳው እጁ ውስጥ ጮኸ። ሊጥለው ነበር።

«ሚስተር ታፕሰል፣ ታምሲን ነኝ። ልጆቹ ቸኮሉብኝ። አዩት?»

«አየሁት።»

እውነቱን ነው። አይቶታል።

«ግሩም! በቀለም የተለየ ነገር አለበት? ዶክተሩ ትናንት እንደ ጻፉልን፣ የዚያ ዘመን ንድፍ አውጪዎች የተሠራውን በአረንጓዴ ያሰምሩ ነበር። ጋሻው ምን ቀለም ነው?»

አንዲት ቃል ናት። ከዚህ አዳራሽ ውጭ ማንም አይሰማትም። ልክ የመሆን ዕድሉ ደግሞ እኩል በእኩል ነው፤ ያን ጊዜ ጨለማ ክፍል ውስጥ ከነበረው ዕድል አይከፋም። ልክ ከሆነ ማንን በደለ? ካልሆነም ማን ይመጣል ይህን ጥቅል ሊያስከፍት? ... ፌንዊክ ይመጣል። ነገ ይመጣል። ገና አሁን ተነስቶ ሁለት እርምጃ ቢራመድ ያየዋል።

«አረ...» አለ ዴዝሞንድ።

ቃሉ ምላሱ ላይ ተንጠለጠለ። የጸሐፊው ሳቅ ጆሮው ውስጥ መጣ።

«አቤት? ተቆራረጠብኝ።»

«አረ እባክሽ ትንሽ ታገሺኝ» አለ። «ሩብ ሰዓት። ደግሜ ልየው።»

«እስከ ዘጠኝ ነው እንግዲህ፤ ከዚያ በኋላ እኔም አልችልም።»

ተመልሶ ገባ። ብሮንዊን ጠረጴዛ ጋ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እስቲ... ካላስቸገርኩሽ፣ ይህን መስመር ታዪልኛለሽ? ብርሃኑ አልተመቸኝም።»

መጣች። መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። «የቱን?»

«ይህን የላይኛውን። ምን ይመስልሻል?»

«ቡኒ።»

«የታችኛውስ?»

«እሱም ቡኒ ነው።» ማስታወሻውን አነበበች፣ እንደገና አየች። «ቀይና አረንጓዴ ነው የሚለው፣ አይደል? እኔ እንጃ ሚስተር ታፕሰል፤ እኔ ጥቅል እዘረጋለሁ እንጂ ቀለም አላውቅም። ዶክተር ፌንዊክን ልጥራልዎ? እሳቸው እንዲህ ያለውን ሲያዩ ነው የኖሩት።»

«ተይው» አለ።

«እዚህ ናቸው እኮ።»

«ተይው አልኩሽ!»

ድምፁ አዳራሹ ውስጥ ከጠበቀው በላይ ጎላ። ሁለት ሦስት ሰው ቀና አለ። ብሮንዊን ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች። ዴዝሞንድ ንድፉ ፊት ለፊት ቁጭ አለ። አሥራ አንድ ዓመት። እያንዳንዱን የጋሻ ሳንቃ ከዚያው እንጨት አቅጥኖ ሰንጥቋል፤ እያንዳንዱን መስኮት በጥፍር መሞረጃ ሞርዷል። ሞሪን ሻይ አምጥታ አጠገቡ አስቀምጣ፣ ቀዝቅዞ ስታገኘው አንስታ ሌላ ታመጣለች። ሰባት መስኮት በስተግራ፣ ሰባት በስተቀኝ። እርሱ እዚያ ወለል ላይ ስንት ጊዜ ቆሟል! ማንም ምን ቀለም ታያለህ ሳይለው፣ እጁን ጋሻው ላይ ጥሎ። ያ ጋሻ የለም ከተባለ የቆመበት ቦታ የለም ማለት ነው።

ስምንት ሰዓት ከአርባ።

ተነሳ። ወደ መስኮቱ ሲራመድ ወለሉ ጮኸበት።

«አንተ» አለ።

በሕይወቱ እንዲህ ያለውን ሰው አንተ ብሎ አያውቅም። ፌንዊክ ቀስ ብሎ ቀና አለ፤ ማንን ነው የሚለው ብሎ ከኋላው የሚፈልግ ይመስል ነበር።

«ና እስቲ፣ አንድ ነገር እይልኝ።»

«ምን ልይልዎ? መነጽርዎን ረሱ?»

«መነጽሬ አለ። የሌለው ዓይኑ ነው። ቀይና አረንጓዴ አልለይም።»

አለው። ወጣ። አዳራሹ እንደ ነበረ ነው፤ ጣሪያው አልወረደም። ብሮንዊን ብቻ እጇን ወረቀቶቿ ላይ እንዳደረገች ቀርታለች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ፌንዊክ።

«ከእናቴ ሆድ።»

«ግን ሞዴሉ... እኔ እኮ አይቼዋለሁ፤ ቀለሙ እንከን የለውም። ማን ቀባልዎ?»

«እኔ ነኝ። ጣሳው ላይ ስሙ ተጽፏል።»

ብሮንዊን ሳቅ አመለጣት፤ በአፍንጫዋ ሳይሆን ከሆዷ ነበር፤ ወዲያው እጇን አፏ ላይ አደረገች። ዴዝሞንድ ዞሮ አያት። ይገርማል፣ አልከፋውም።

ፌንዊክ ተነሳ። ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ዴዝሞንድ በእርሳሱ ጀርባ፣ ወረቀቱን ሳይነካ፣ በአየር ላይ አመለከተው።

«የላይኛው መስመር። ጋሻው። ምን ቀለም ነው? ሌላ ምንም አትጨምርልኝ።»

ፌንዊክ መጀመሪያ የጠርዙን ጽሕፈት አነበበ። እያነበበ ፊቱ ተለወጠ። እውነትም እርሱም አላየውም ነበር፤ ሃያ ዓመት ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣ ይህን ጥቅል አንድ ቀን እንኳ አምጡልኝ አላለም። ከኪሱ አጉሊ መነጽር አወጣ፣ የጠረጴዛውን መብራት ጎትቶ አጋደለ፣ አጎነበሰ። ነጭ ፀጉሩ ከአናቱ ላይ ሳስቷል፤ ከላይ ወደ ታች ሲታይ እንደማንኛውም ሽማግሌ ነው።

ዴዝሞንድ ንድፉን ማየት ተወ። የሚያየው የሰውየውን ፊት ነው። ይህ ሰው ቀይ ካለ ቀይ ነው፤ አረንጓዴ ካለም አረንጓዴ ነው። ለማረጋገጥ የሚችልበት ምንም መንገድ የለውም። ከሩብ ሰዓት በፊት ታምሲንም ልክ እንዲሁ በእርሱ እጅ ነበረች።

ግድግዳው ላይ የሰዓቱ ረጅም እጅ ሲዘል ይሰማል። ፌንዊክ የጋሻውን ጫፍ አየ፣ ወደ መስኮቶቹ ሄደ፣ አንድ በአንድ፣ ወደ ታችኛው መስመር ወረደ፣ ተመለሰ። ቀና ሲል ወገቡን ያዘ።

«አረንጓዴ ነው።»

«የቱ?»

«የእርስዎ። ጋሻው። ሰባቱም መስኮቶች። አሁን ቡኒ ሆኗል፤ ግን ብዕሩ የቆመበት፣ ቀለሙ የተጠራቀመበት ጫፍ ላይ አረንጓዴ ነው።»

ዴዝሞንድ ቆሞ ጠበቀ። እንዲህ ያለ ሰው፣ የተማረ ሰው፣ «ልክ ነህ» እንዲለው ዕድሜውን በሙሉ ጠብቋል። በተኛበት እያሰበ መልሱን እንኳ አዘጋጅቶለት ነበር፤ ወንበሮቹንም፣ ጋዜጣውንም የሚያነሳ ረጅም መልስ። አሁን ያ ሁሉ ቃል የት እንደ ገባ አጣው። በምትኩ አንድ ክፉ ጥርጣሬ ብቻ መጣ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ገጽ መቶ አርባን እንደገና መጻፍ እንዳለብኝ እርግጠኛ ነኝ።»

«አዝነህልኝ አይደለም?»

ፌንዊክ መነጽሩን አውልቆ በክራባቱ ጠረገ። ብዙ ጊዜ ጠረገው። «ለእርስዎ? ሚስተር ታፕሰል፣ ለእርስዎ አዝኜ አላውቅም። አሁን ጀምር ካሉኝ ግን እጀምራለሁ።»

«ብሮንዊን» አለ ዴዝሞንድ፣ ዓይኑን ከፌንዊክ ሳያነሳ፣ «አጉሊውን ይዘሽ እዪልኝ።»

መጥታ አየች። «እኔ አሁንም ቡኒ ነው የማየው» አለች። «ዶክተሩ አረንጓዴ ነው ካሉ ግን ልክ ናቸው።»

ዶክተሩ ካሉ። ዴዝሞንድ ሊስቅ ዳዳው። እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ዛሬ ብቻ ነገሩ ለእርሱ ሆነ።

ፌንዊክ ወደ መስኮቱ ተመለሰና ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመረ፤ አንዱ ወደቀበት፣ ጎንበስ ብሎ ሳያነሳው ቆየ። ብሮንዊን ከረጢቶቹን ማንሳት ያዘች። ንድፉ ራሱን በራሱ ሸበለለ፤ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ያለው ጽሕፈት፣ ከዚያ የካፒቴኑ ወለል።

«ይህን እንዳይረሱ» አለችው፤ የከረሜላ መጠቅለያዋን በሁለት ጣቷ ይዛ።

ኮሪደሩ ላይ ሣጥኑን ሲከፍት ወረቀቷን ሊያጥፋት ሞከረ። አዲስ ናት። አሁን ነው ያስተዋለው። በመሐሏ አንድ እጥፋት ብቻ ነው ያላት፤ የዘንድሮ ገና ናት። እርሱ ግን ዘንድሮ ከቆርቆሮው ምንም አላነሳም፤ ታሞ ተኝቶ ነበር። አምናስ? አምናም ቢሆን... ከሥራ ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ሁልጊዜ አንዲት ትገኛለች። አርጅታ፣ ተጨማድዳ አታውቅም። የሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር። ሞሪን እንጆሪ ያለውን ከረሜላ አትወድም፤ ጥርሷን ያማታል። በየገናው ግን ያንኑ ከረሜላ ነው የምትበላው።

ስልኩ ጮኸ። ዘጠኝ ሊሆን አራት ደቂቃ ይቀራል።

«ሚስተር ታፕሰል፣ ይንገሩኝ እንግዲህ፤ ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት።»

«አረንጓዴ ነው ተብሏል» አለ።

«ተብሏል?»

«ፌንዊክ ነው ያለው። እዚሁ ነበር፤ በአጉሊ አይቶ አረንጓዴ ነው አለ። ጋሻው ተሠርቷል አለ።»

«ዶክተር ፌንዊክ? ራሳቸው? ታዲያ አሸነፉ እኮ!» ከኋላዋ የሰው ድምፅ፣ ጭብጨባ የመሰለ ነገር ተሰማ። «እርስዎስ? እርስዎም እንደዚያው አዩት አይደል?»

ዴዝሞንድ የከረሜላዋን ወረቀት በኮሪደሩ መስኮት ላይ ደቅኖ በውስጧ ተመለከተ። ግቢው፣ ጡብ ቤቱ፣ ሣሩ ሁሉ አንድ ነበር። በመሐሉ አንድ ረጅም ሽማግሌ ኮቱን ሳይለብስ በክንዱ አንጠልጥሎ ወደ በሩ ይሄዳል።

«እኔ አላየሁትም» አለ።

የታምሲን ድምፅ፣ አሁን ሳይቸኩል፦

«እሺ... እና ከመርከቧ ሥር የማንን ስም ልጻፍ?»

በግቢው ውስጥ ሽማግሌው ቆመ። ዞሮ ወደ ሕንፃው፣ ወደ መስኮቶቹ ቀና ብሎ አየ፤ አንድ የረሳው ነገር ያለ ይመስል። ዴዝሞንድ ወረቀቷን ከዓይኑ አላወረደም። በስልኩ ውስጥ የታምሲን ጣቶች የኮምፒውተሯ ፊደሎች ላይ ቆመው ሲጠብቁት ይሰማዋል።